ጋሼ ልሳኑ ለየሺ የሰጧት ባጅ

ጋሼ ልሳኑ ማረፋቸውን የሰማሁት አርባቸው ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ያውም በስልክ፣ ያውም ከባጃጅ ሹፌር። ወረታ ሳለሁ የሚያመላልሰኝ ልጅ ለሌላ ጉዳይ ደውሎ፣ ወሬውን ጨርሶ ሊዘጋ ሲል፣ «ለካ አልነገርሁሽም፤ የኤክስሬዩ ጋሼ ልሳኑ አረፉ እኮ» አለኝ። እኔ ገና ድንጋጤዬን ሳልውጥ ደግሞ ጨመረበት፦ «ያው ጨረሩ ነው አሉ የገደላቸው። ከዚያ ክፍል ስንት ዘመን!»

ስልኩ ላይ ጮህኩበት። በኋላ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ልጁ ምን በወጣው፣ የሰማውን ነው የነገረኝ። ወሬው ግን ወረታን ሞልቷታል። ስለዚህ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ጋሼ ልሳኑ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ልባቸውን ሲያማቸው የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሞቱትም በልብ ሕመም ነው። ጨረርማ እሳቸውን ሲፈራ ነው የኖረው።

ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች ከሚለያዩበት አለፍ ብሎ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የኤክስሬይ ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ። የክሊኒኩ ስም ይቅር። ጋሼ ልሳኑ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ወጥተው እዚያ ጠዋት ጠዋት ይሠራሉ፤ ከሰዓት በኋላው የእኔ ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ግን ሥራውን እንዲያሳዩኝ አብሬያቸው ዋልኩ። ረዥም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ጋዋናቸውን ለማንም ሳይሰጡ ራሳቸው የሚያጥቡ ሰው ናቸው። ማተባቸው አንገታቸው ላይ፣ ባጃቸው ደረታቸው ላይ። ማብሪያውን ከመጫናቸው በፊት ባጁን በጣታቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጉታል።

ባጅ የምለው የሠራተኛ መታወቂያውን አይደለም። ከክብሪት ሳጥን የምታንስ የፕላስቲክ ነገር ናት። በውስጧ ያለችው ቁራጭ የደረሰባትን ጨረር እየያዘች ትቆያለች፤ በየሁለት ወሩ አዲስ አበባ ትላክና ስትነበብ፣ ያደረጋት ሰው ምን ያህል እንደደረሰበት ይታወቃል። ይኼን ሁሉ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ተምሬው ግን የመጀመሪያ ቀኔ ባጄን ቤት ጥዬ ሄድኩ፤ አዲሱን ሸሚዜን እንዳትበሳብኝ ብዬ።

«ባጅሽ የታለ?» አሉኝ ገና ከበሩ።

«ቤት ነው ጋሼ።»

«ባጅሽ ቤት ከዋለ አንችም ቤት ትውያለሽ። ሂጅ።»

ወረፋ የያዘው ሕዝብ ሁሉ እየሰማ። በባጃጅ ሄጄ፣ በባጃጅ ተመለስኩ፣ ያን ቀን እስከ ማታ አላናገርኳቸውም። እሳቸው ማኩረፌን ልብም አላሉት። ስንወጣ ከኪሳቸው ሽምብራ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝና፣ «የማይታየውን የሚፈሩ ሁለት ናቸው፤ ቄስና የኤክስሬይ ሠራተኛ። ሁለቱም መፍራት የተዉ ቀን ለሰው አይበጁም» አሉኝ። ያኔ ታረቅን።

የቁሐር ሚካኤል ካህን ልጅ ናቸው። ልጅነታቸው በቆሎ ተማሪነት ነው ያለፈው፤ ዜማው ሳያልቅ አባታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ወድቀው ጭናቸው ተሰብሮ ጎንደር ተወሰዱ። እዚያ ሐኪሙ ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፎ የአባታቸውን አጥንት ሲያሳያቸው ልባቸው እዚያው ቀረ። ወደ ዜማው አልተመለሱም። ዜማው ግን ከእሳቸው አልወጣም። ጨረር ከመልቀቃቸው በፊት ክፍሉን ሦስት ጊዜ በዓይናቸው ይዞሩና፣ ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ያልተጠመቁትን በሚያስወጣበት ድምፅ «ፃኡ!» ይላሉ። ነርስ ይወጣል፣ አስታማሚ ይወጣል። አንድ ቀን ደረታቸውን ሊነሡ የመጡ ቄስ አብረው ተነሥተው ሲወጡ፣ «አባቴ፣ እርስዎስ ይቆዩ፤ የተጠመቁ ነዎት» ብለው መለሷቸው። ቄሱ ስቀው ስቀው ሥዕሉ ተንቀሳቀሰና ደግመን አነሣናቸው።

ሠራተኛው መሪጌታ ይላቸዋል። ለቀልድ ነበር የተጀመረው፣ ኋላ ግን ስማቸው ሆኖ ቀረ። ይህ ስም ያመጣብንን ጣጣ እነግራችኋለሁ።

የክሊኒኩ የጽዳት ሠራተኛ የሺ የምትባል የቁሐር ልጅ ናት። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይበልጥ፤ ክንዷ ግን የሁለት ወንድ ክንድ ነው። ባሏ በሩዝ መፈልፈያ ጆንያ ሲሸከም ወገቡን ታሞ ቤት ከዋለ ከርሟል፤ እሱንም ማስተዋል የምትባል ትንሽ ልጃቸውንም የምታኖረው እሷ ነበረች። የሺ አንድ ተሰጥኦ ነበራት፦ ሕፃን መያዝ። እጁ የተሰበረ፣ ሳንባው የታመመ ሕፃን ማሽኑን ሲያይ አገር ይያዝልኝ ብሎ ይጮሃል፤ እናቱም አብራ ታለቅሳለች። ያኔ የሺ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ትገባለች። ልጁን አጥብቃ ይዛ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ታንሾካሹክለታለች፤ ዝም ይላል። ምን እንደምትለው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ጠዋት ጋሼ ልሳኑ ስላሉ አትገባም። ከሰዓት በኋላ ግን ብቻዬን ነኝ፣ ወረፋው ረዥም ነው፣ የክሊኒኩ ባለቤት አቶ ጌጡ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ «የሺን ጥሪያት፤ ምን ታስለቅሻለሽ ሰውን?» ይላል። እጠራታለሁ። ደግሞ ደጋግሜ ጠርቻታለሁ፤ ይኼን የምጽፈው እያፈርኩ ነው። አንድ የእርሳስ ሽርጥ ነበረን፣ ጨረር የሚከለክለው ከባዱ ሽርጥ፤ እሱም ማሰሪያው ተበጥሶ ቁምሳጥን ውስጥ ተኝቷል። ጋሼ ልሳኑ አዲስ እንዲገዛ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀው መልስ አላገኙም።

አንድ ቀን መነጽራቸውን ረስተው ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ፣ የሺ ሕፃን አቅፋ ከክፍሉ ስትወጣ ደረሱ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡኝም። ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው ሰጡኝ።

«አትዋሽኝ፤ አትደብቂኝ። በያዘች ቁጥር ከበሩ ጀርባ አንድ ጭረት አድርጊ።»

«ባልጠራትስ ጋሼ?»

«አንች ባትጠሪያት እሱ ይጠራታል። እምቢ ትለዋለች?»

አትልም። በሳምንቱ የበሩ ጀርባ ዝናብ የወረደበት የጭቃ ግድግዳ መሰለ። ጋሼ ልሳኑ ጭረቶቹን እያዩ ቆመው ቆመው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አሉ። «አንዱ ጭረት ምንም አይደለም። ልጁም ምንም አይሆን፤ ዛሬ ተነሥቶ ነገ ይረሳዋል። እሷ ግን የሁሉንም ልጅ ድርሻ ለብቻዋ ትወስዳለች።»

ለየሺ ባጅ ይምጣላት ብለው አቶ ጌጡ ዘንድ ገቡ። አቶ ጌጡ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፣ ፍርሃቱን ደግሞ በቁጣ የሚሸፍን ዓይነት። «ጋሼ፣ ለጽዳት ሠራተኛ ባጅ የት አገር ያውቃሉ? ኤክስሬይ ክፍል ከሁለታችሁ በቀር ሠራተኛ አይገባም ብዬ ፈርሜያለሁ። ለሷ ባጅ ላምጣ ማለት ትገባለች ማለት ነው» አላቸው። ነገሩ እውነት ነው። በወረቀቱ ላይ የሺ ያን ክፍል ረግጣው አታውቅም።

በማግስቱ ጋሼ ልሳኑ ዕድሜ ልካቸውን ያላደረጉትን አደረጉ። የራሳቸውን ባጅ ከደረታቸው ፈትተው የሺን ጓሮ ጠሩና፣ «ይኸን ካንገትሽ እንዳታወልቂ። ለማንም እንዳትናገሪ» ብለው ሰጧት። ባጅ መዋዋስ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ለእኔ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ማብሪያውን ስጫን እኔን ግድግዳው ይጠብቀኛል። እሷን የሚጠብቃት የለም፤ ቢያንስ የሚቆጥርላት ይኑር» አሉኝ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ጋሼ ልሳኑ እኔንም የሺንም ለበዓሉ ቁሐር ወሰዱን። ታቦቱ ገብቶ፣ ሕዝቡ በየጥላው ሲቀመጥ፣ የሺ ልጇን ማስተዋልን እየጎተተች ልታስተዋውቀን መጣች። ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ ዓይነ ትልቅ ልጅ ናት። አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር በቀይ ጨርቅ የተሰፋ ክታብ ተንጠልጥሏል። ክታቡ መያዣ አለው። ከጨርቁ ጫፍ የወጣውን የባጅ መያዣ አየሁ፣ የጋሼ ልሳኑን ቁጥርም አነበብኩበት፣ የምጠጣው ጠላ ትን አለኝ።

ጋሼ ልሳኑም አይተዋል። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ማን ሰጠሽ ይኸን?» አሏት ልጅቷን፣ ቀስ ብለው።

«እማ ናት። ከክፉ ይጠብቅሻል ብላ።»

የሺ ፊቷ ተለዋወጠ። «ጋሼ ይማሩኝ። እኔማ ትልቅ ሰው ነኝ፤ ምን እሆናለሁ? እሷ ናት ሌሊት ሌሊት የምትባንን። ለሷ ይሁን ብየ ነው። ከሰጡኝ ወዲህ ደግሞ እውነቴን ነው፣ ደህና ትተኛለች።»

እኔ ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። ግን አስቡት፤ ስሙ መሪጌታ የሆነ፣ ግእዝ የሚናገር ሽማግሌ ጓሮ ጠርቶ «ካንገትሽ አታውልቂ፣ ለማንም አትንገሪ» ብሎ አንዲት ትንሽ ነገር ከሰጠ፣ በእኛ አገር ያ ነገር ክታብ እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው? እናት ደግሞ ክታብ ካገኘች ለራሷ አታደርገውም።

ጋሼ ልሳኑ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። የሺን አስከትለው ሩዙ ታጭዶ ወደተከመረበት ማሳ ዳር ወረዱ፤ እኔም ተከተልኩ። የማሳው ጠርዝ ላይ አንድ ግንድ ተተክሏል፤ የክረምቱ ጎርፍ ጭቃ እስከ ወገቡ ድረስ ደርቆበታል።

«ይኸን እንጨት ማን ተከለው?»

«አባቴ ነዋ። ርብ ሲሞላ ውሃው የት እንደደረሰ ሊያይበት።»

«ውሃውን ይመልሰዋል?»

«ኧረ ጋሼ፣ እንጨት ውሃ ይመልሳል?»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«እንዴ! ውሃው እዚች ሲደርስ ከብቱን እናወጣለና። ሕፃናቱን ወደ ዳገቱ እንልካለን።»

«በይ፣ ያ የሰጠሁሽም ይኸው እንጨት ነው። ጨረር አይመልስም። የት እንደደረሰ ያሳያል። ከብቱን የምናወጣ እኛ ነን።»

የሺ ግንዱን አየች፣ እጇን ጭቃው ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ወደ ልጇ ሮጣ ቀዩን ጨርቅ በጥርሷ ተረተረችው። ማስተዋል ስታለቅስ ጋሼ ልሳኑ ከቄስ አጎታቸው ዘንድ ወስደው ጸበል አስረጯትና ተጽናናች።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ለሰው አንድ ነገር ሰጥተሽ ለምን እንደሆነ ካልነገርሽው፣ የሰጠሽው ክታብ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ያስተማርኩት ሰው ሁሉ ይህችን አባባል ከእኔ ሰምቷታል።

አዲስ ባጅ ሲመጣ እንደገና ጀመርን። የሺ አሁን አውቃ አደረገችው። ጋሼ ልሳኑ እንዳትገባ ነግረዋታል፤ እኔም መጥራት ትቻለሁ፤ አቶ ጌጡ ሲጠራት ግን ትገባለች። በነዚያ ሁለት ወራት ጋሼ ልሳኑ ከሱ። «ለመለካት ብየ እያስጎዳኋት እንደሆንስ?» አሉኝ አንዴ።

ከዚያ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። በጋሼ ልሳኑ ስም የተላከው ባጅ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ተነብቧል፤ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ፈረቃ ስንለዋወጥ አቶ ጌጡ ላብ በላብ ሆኖ ወደ ክፍላችን መጣ።

«ጋሼ፣ ቀላል ነው። ባጁን ማሽኑ አጠገብ ምስማር ላይ ረስቼው ነው ይበሉ። የትም የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ተግሳጽ ጽፈው ይሄዳሉ።»

እሱ ሲወጣ የሺ ገባች። በሩን ከጀርባዋ ዘጋችው።

«ጋሼ፣ እንደሱ ይበሉላቸው። በእግዜር።»

«ለምን?»

«የኔ መሆኑ ከታወቀ ያስወጡኛል።» እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «ነፍሰ ጡር ነኝ ጋሼ። ሁለት ወር ሁኖኛል። ለማንም አልተናገርሁ። ባሌ ተኝቷል፤ ሦስታችን የምንበላው ከዚች እጄ ነው። እንጀራየን አይዝጉብኝ።»

ስንት ጊዜ ጠራኋት? እሱን ነበር የማስበው። ጋሼ ልሳኑ ቀስ ብለው ተነሥተው የሺን በራሳቸው ወንበር አስቀመጧት።

«ስሚኝ ልጀ። እስካሁን የደረሰብሽን ባጁ ነግሮናል። ለሠራተኛ ከተፈቀደው ልክ ያልፋል እንጂ ለጽንሱ የሚያስፈራ አይደለም፤ ይኸን ለማጽናናት አልልሽም፣ ቁጥሩን ከአዲስ አበባ ሰምቸ ነው። የሚያስፈራው ካሁን በኋላ ዝም ካልን ነው። እንጀራሽንም ልጅሽንም ነው የምፈልገው። አንዱን ጥለሽ አንዱን ያዥ አልልሽም።»

«እንዴት አድርገው?»

«እሱን ገና አላወቅሁትም» አሉ። ስለ እሳቸው ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ይኼ ነው፤ ያላወቁትን አላወቅሁም ይላሉ።

ተቆጣጣሪዋ ወጣት ሴት ናት፤ በእጇ ትልቅ ስልክ የምታህል መለኪያ ይዛ ክፍሉን ጥግ በጥግ ዞረችው። ከዚያ ጋሼ ልሳኑን ስለ ባጁ ጠየቀቻቸው። አቶ ጌጡ ከበሩ ሥር ቆሞ ዓይን ዓይናቸውን ያያል። ጋሼ ልሳኑ ሄደው በሩን ስበው ጀርባውን ገለጡላት። ጭረቱን ሁሉ አየች።

«ይኸ የጽዳት ሠራተኛችን ሕፃናት የያዘችበት ቁጥር ነው። ባጁን ያደረገችውም እሷ ናት። ሰጥቻት ነው።»

«ባጅ ማዋዋስ ክልክል መሆኑን ያውቃሉ?»

«አሳምሬ አውቃለሁ። ሌላውን ሁሉ ስከለክል የኖርሁ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አደረጉት?»

«በወረቀቱ ላይ እሷ የለችም። የሌለ ሰው ደግሞ አይለካም። እንድትኖር ብየ ነው።»

ተቆጣጣሪዋ መጻፏን አቆመች። ጭረቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ከዚያ የጻፈችው ብዙ ነው፦ አዲስ ሽርጦች እስኪገዙ ክፍሉ እንዲዘጋ፣ ሕፃን መያዝ ካስፈለገ ወላጁ ሽርጥ ለብሶ እንዲይዝ፣ ሠራተኛ ለዚያ ሥራ እንዳይመደብ፣ የሺም ነፍሰ ጡር መሆኗን ራሷ ስለነገረቻት፣ እስክትወልድ ክፍሉ ውስጥ እንዳትገባ። ለጋሼ ልሳኑ ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠቻቸው። አመስግነው ተቀበሏት፤ እስኪሞቱ ድረስ ከትምህርት ማስረጃዎቻቸው ጋር አብረው እንዳስቀመጧት አውቃለሁ።

መኪናዋ እንደሄደች አቶ ጌጡ ፈነዳ። «ይኸ ሁሉ መዘዝ በሷ ነው! ክፍሌን አዘጋችብኝ! ትውጣልኝ!»

ጋሼ ልሳኑ የክፍሉን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እሷ ከወጣች እኔም ወጣሁ።»

አቶ ጌጡ ቁልፉን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ሐሳቡ ገባኝ። አሮጌው ቢሄድ አዲሷ አለች። እኔ ደፋር ሰው አይደለሁም፤ የቤት ኪራይ ነበረብኝ፣ እናቴም ከእኔ ትጠብቅ ነበር። «እኔም» አልኩ። ድምፄ እንደ ቢምቢ ነበር፤ ግን ተሰማ።

አቶ ጌጡ ቁልፉን መልሶ ወደ ጋሼ ልሳኑ ገፋው። በሩን ከፍቶ ወጣ። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት አዲስ ሽርጦች መጡ፤ አናጺ ደግሞ ጋሼ ልሳኑ በነደፉለት መሠረት የልጆች መያዣ ሰሌዳ በማሰሪያ ሠራልን። የሺ መወልወሏን ቀጠለች፣ ሆዷም እየገፋ ሄደ። በሰላም ተገላግላ፣ ዛሬ ያ ልጅ እየሮጠ የጎረቤት ዶሮ የሚያባርር ጉድ ሆኗል። ነገር ግን ከመውለዷ በፊት የሆነ አንድ ቀን አለ፤ ጋሼ ልሳኑን ባስታወስኩ ቁጥር የሚመጣብኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ሁለታችንም አብረን የምንሠራበት የገበያ ቀን ነበር። አቶ ጌጡ የአምስት ዓመት ልጁን ታቅፎ እየሮጠ ገባ። ልጁ ከዘይቱን ዛፍ ወድቆ ክንዱ ተጣሟል፤ ጩኸቱ ከመንገድ ይሰማል። ሰሌዳው ላይ ልናስተኛው ብንሞክር በእግሩ እየተራገጠ አስቸገረን። አቶ ጌጡ ልጁን እያየ አእምሮው ጠፋ። «የሺ!» ብሎ ተጣራ። «የሺ! ነይ ያዥልኝ!»

የሺ ኮሪደሩን እየወለወለች ነበር። መጥታ ከደፉ ላይ ቆመች። ሰባት ወር ሆኗታል። ጋሼ ልሳኑን አየቻቸው፤ እሳቸው ከማብሪያው መስኮት ጀርባ ሆነው አዩዋት፣ አፋቸውን ግን አልከፈቱም። ለምን ዝም እንዳሉ ያኔ አልገባኝም፣ ተናደድኩባቸውም። አሁን ይገባኛል። ያ መልስ የሷ ነበር።

«አቶ ጌጡ» አለች። መወልወያዋን ከእጇ አልለቀቀችም። «አባቱ እርስዎ አይደሉ? ሽርጡ ያውና፤ ይልበሱና ይያዙት። እኔ አልገባም።»

ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ አቶ ጌጡ ዞረ። ትባረራለች አልኩ በልቤ፣ በቃ አሁን ትባረራለች። አቶ ጌጡ አፉን ከፈተ፤ ልጁ እንደገና ጮኸ፤ አፉን ዘጋ። ሽርጡን ከማንጠልጠያው አውርጄ አለበስኩት። ክብደቱ ትከሻውን ጎተተው። ልጁን ያዘ፤ ልጁ አመለጠው፤ እንደገና ያዘው። የመጀመሪያው ሥዕል ተበላሸ። ሁለተኛው ላይ ግንባሩ ላብ በላብ ሆኖ፣ ልጁን አቅፎ፣ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የኔ ጌታ» እያለው ጸጥ አሰኘው። ጋሼ ልሳኑ ማብሪያውን ተጫኑ። ሥዕሉ ጥርት ብሎ ወጣ።

አቶ ጌጡ ሽርጡን ሳያወልቅ ወጣ። የሺ ፊት ቆመ። ትከሻውን ከሽርጡ ሥር እያሸ፣ ከቁጣ ይልቅ በመገረም ጠየቃት።

«የሺ፣ ይኸን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ነበር የምትይዥው?»

የሺ መወልወያዋን ጨመቀች።

«አይ» አለችው። «እኔ ያለ ሽርጥ ነበር።»